ሲሞቃት

ቂርያት ጋት መግቢያ ላይ፣ ከመብራቱ ፊት፣
ጠፋችብኝ ደግሞ አሮጊቷ ፊያት።
ጡሩምባ ከኋላ፣ ከላይ የሐምሌ ፀሐይ።

ጋራዥ ስትደርስማ ደህና፣ ምንም የለባት፤
ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ እንደሚተወው ሰው።

ግሪሻ ካንዴላ ፈታ፣ የነዳጅ ቱቦ ነፋ፣
«መቼ ነው የምትጠፋው?» አለኝ በዕብራይስጥ።
ላስረዳው ጀመርኩና
ቃሉ መሃል መንገድ ላይ ጠፋ።
ግንባሬን ጠርጌ ላቤን አሳየሁት።
ገባው።

ሞተሩን አስነስቶ፣ ሲጋራ ለኩሶ ጠበቃት።
ጋለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ዝም።
ቦቢናው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል ቢያደርግ፣
በአንድ ቁልፍ ተነሳች።

መቶ ሃያ ሼክል። ተገላገለች እሷስ።
እኔ ነገ ቢቱዋህ ሌኡሚ፣ መስኮት ሦስት፣ ወረፋ አለኝ፤
ጨርቁን ልዋሰው እንዴ?