ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ

ከትራሙ መጨረሻ፣ ከኦስትራቫ ጫፍ፣
ደማችን ይወጣል፣ ታጥቦ ሊመለስ፣ በማሽን ሊያልፍ።
ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። አራት አራት ሰዓት።
የኔ ወንበር ሦስተኛው ነው፤ ከመስኮት ርቆ፣ ከዓሣዎቹ ፊት።

ሁለት መቶ ሊትር ውሃ፣ በመስታወት ታጥሮ፣
ከታች ሣር አልምቶ፣ ከላይ ቅጠል ዘርግቶ፣ በግንዱ ላይ ሽበት አሳድሮ።
ሠላሳ ዓሣ ነበረን፤ ጣት የማያህሉ፣
ቀይና ሰማያዊ ክር ለብሰው የሚውሉ።

ቬንዴሊን ነው ቀድሞ ያየው፤
ሠላሳ ዓመት ከምድር በታች ከሰል የቆፈረ ዓይን ነው።
«ይቺን ዓሣ» አለ፣ «ጨው ነስንሶባታል አንድ ሰው።»
ሳቅን። መቅረብ አንችልም፣ ቱቦው ይዞናል፤
አንገታችንን ብቻ አስግገን አየነው።

ነጭ ነጥብ፣ እንደ ስኳር ቅንጣት፣ በክንፏ፣ በጅራቷ፣
እከክ እንደያዘው ሰው ከጠጠር ጋር መታሸቷ።

ነርሷ ዝዲስላቫ ጓንቷን ሳታወልቅ መጣች፣
መብራቱን አጠፋች፣ በባትሪ አየች፣ ዝም አለች።
ቆይታ፣ «መድኃኒት አለ» አለች፣ «ሰማያዊ ጠርሙስ፤ የዓሣ ሱቅ ይሸጣል።
ዓሣውን ያድናል፤ ቀንድ አውጣውን ይፈጃል፤ ቅጠሉም በሳምንት ይቀልጣል።»

ለኛ አዲስ ወሬ አልነበረም።
አንዱን ሲያነሣ ሌላውን የሚጥል ክኒን
ከቁርስ በፊት ስድስት፣ ከቁርስ በኋላ አራት የምንውጥ ነን።
ሊቦር፣ አምስተኛው ወንበር፣ «ዓሣ በሃያ ኮሮና ይገዛል፤ ጣሏቸው» አለ።
ማንም አልመለሰለትም። የርሱ ማሽን ብቻ ጢጥ ጢጥ አለ።

ሙቀት መረጥን። ሃያ አራት የነበረው እስኪሆን ሠላሳ፣
በቀን አንድ ዲግሪ ብቻ፣ እንዳይደነግጥ ዓሣ።
ሞቃት ውሃ ትንፋሽ ያጥረዋልና አየር የሚነፋ ቱቦ ተጨመረ።
በየቀኑ ጠጠሩ ተመጠጠ፣ ሲሶው ውሃ ተቀየረ፣
በዝዲስላቫ የምሳ ሰዓት፣ ነርስ ሆና ቱቦ በአፏ ስባ፣
አሮጌውን ስታወጣ፣ አዲሱን በመዳፏ ላይ እያንጠባጠበች ስታስገባ።
ቬንዴሊን «እነሱስ ታደሉ» አለ፣ «ቤታቸው ድረስ ይታጠብላቸዋል፤
እኛ በበረዶ ትራም ስንጠብቅ የታጠበው ደም ይረጋል።»

በሁለተኛው ዓርብ ነጥቡ የለም። አንዲትም የለችም።
በአንድ እጄ ወንበሩን መታሁ፤ ሌላው ታስሯል፣ አይንቀሳቀስም።
ሊቦር ሳይቀር ፈገግ አለ።
የዝዲስላቫ ፊት ግን አልተፈታም።
«ዛሬ ነው የሚፈራው» አለች። «ነጥቡ ረገፈ እንጂ አልሞተም።
ጠጠር መሐል ወርዶ፣ ቅርፊት ለብሶ፣ አንዱ ሺህ ሊሆን ተደብቋል፤
ሲፈለፈል ሙቀቱ ካልጠበቀው ይመለሳል።
በሽታም እንደ ውሃ ነው፣ እያሳሳቀ ይወስዳል።»

አሥር ቀን ጨመረች፤ ንጹሕ ለሚመስል ዓሣ።

የዛሬ አራት ዓመት፣ ኩላሊቴ ገና ሲንገዳገድ፣
ዶክተሩ «ቁጥሩ አምሯል» ያለኝ ዕለት
ከመሳቢያ ውስጥ ክኒኔን ረሳሁት።
ረሳሁት እላለሁ።
ለልጄም፣ ለዶክተሩም አልነገርኩም፤
ያን ዓርብም ለማንም አልነገርኩም።
ጠጠሩን ብቻ አየሁ።

ሃያ ሦስት ተረፉ። ሊቦር «ሃያ አራት ናቸው» ይላል፤
ዓሣ ቆሞ አይቆጠርም፣ ክርክሩ እስካሁን አልቀረም።
የሰፊው ቅጠል ግማሽ በሙቀቱ ቀልጦ ነበር፤
ሥሩ ይዞ፣ ጥፍር የሚያህል፣ ቡናማ ነገር ብቅ አድርጓል፤
ቬንዴሊን ቅጠል ነው ይላል፤ እኔ እንጃ።

ማታ ዝዲስላቫ መርፌዬን ነቀለች፣
ጥጥ በእጄ አስጨበጠችኝ።
«አጥብቀሽ ያዢው፣ ኦቲሊየ» አለችኝ፣
«አሥር ደቂቃ፤
የቆመ ቢመስልሽም።»