በቃለ ጉባኤ ያልሰፈረ

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ አልከስም፣ አልፈርድም፤
የሰው ቃል ስለቅም የራሴን አልጨምርም።
ካንሳስ ውስጥ፣ ስንዴው ከሰማይ በሚገጥምበት፣
በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በአዳራሿ ወለል ፊት፣
ሰው ሲስል እጽፋለሁ፦ “ሳል”።
ዝም ሲሉም እጽፋለሁ፦ “ዝም ብለዋል”።
የዚያን ማክሰኞ ግን አንድ ነገር ቀረ፣
ከጣቴ አምልጦ ደረቴ ላይ ያደረ።

ኦቲሊ ብሪስኮ ፒያኖ ቃኝ ናት፤
ስልሳ አንድ ዓመቷ፣ ጉልበቷን የሚያማት፤
የመጠጥ ቤቱንም፣ የጸሎት ቤቱንም
ስታቃና ኖራ ጆሮዋ ስቶ አያውቅም።
ሐሙስ፣ ዝናብ ሲያባራ፣ በጠጠሩ መንገድ፣
የልጅ ልጇን ኤምሪን ከኋላ አስቀምጣ ስትሄድ፣
ጭቃ ተፈናጥሮ ሰሌዳዋን ነካ፤
ሦስትም በጭቃ ስምንት ይሆን ለካ!
የጭቃ እሾህ ሲባል ሰው ይመስለኝ ነበር፤
ቁጥርም ይወጋል፣ ጭቃ በነካው ቁጥር።

ዋርድ ክሬል፣ ፖሊሱ፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ፣
ማሽኑን ጠየቀው በቸኮለ ጣቱ።
“የተሰረቀ” አለው።
የተሰረቀው ነጭ ነው፣ የጭነት መኪና፤
የእሷ ሰማያዊ፣ ትንሽ፣ የቤት መኪና።
ይህን ዓይን ያየዋል፣ ማሽን ሳይጨመር፤
ዓይኑ ግን ቀድሞ አምኖ ተቀምጦ ነበር።

“ውጪ! እጅሽን አሳዪ! ተኚ በደረትሽ!”
“ጉልበቴን ያመኛል...” “ተኚ አልኩሽ! ተኚ አልኩሽ!”
የመቃኛ ቁልፏ ከኪሷ ሲወድቅ
የሽጉጥ አፍ ዞረ ብረቷ ስትብረቀረቅ።
አሥራ አንድ ደቂቃ።
ኤምሪ በመስኮቱ ቁጥር ይቆጥራል፤
መቶ ሲደርስ ደግሞ ከአንድ ይጀምራል፤
ሰባት ዓመቱ ነው፣
ከመቶ ወዲያ ያለውን ገና አልተማረው።

ሌላ ፖሊስ መጣ፤ በመሀረብ ጠረገው።
ሦስት።
“ስላንገላታንዎ ይቅርታ” አሉና ሄዱ፣
ቀሚሷ ላይ ሬንጁ፣ ጸጥ አለ መንገዱ።

በስብሰባው ዕለት ጠበቃው ተነሣ።
“የአሠራር ግድፈት” አለ፤ ጻፍኩ።
“በቅን ልቦና የተደረገ” አለ፤ ጻፍኩ።
“የተጎዳ ሰው የለም” አለ፤
ጣቴ ትንሽ ዘገየ። ጻፍኩ።

ኦቲሊ ቆመች። ወረቀት አልያዘችም፤
እንባም አላፈሰሰች፣ ድምፅም አልጨመረችም።
ሰሌዳውን አወጣች፣ በጋዜጣ የጠቀለለችውን፣
ብሎኑን ራሷ ፈትታ ያመጣችውን።
“አንብበው” አለችው።
ሊቀ መንበሩ ሆልምግሬን “ይህ ከሥርዓት ውጪ...” ሲሉ
“አንብበው፣ ልጄ” አለች፤ ሁሉም ዝም አሉ።
ክሬል አነበበ፣ ፊደሉን፣ ቁጥሩን፣ ሦስቱን።
የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ አራት ሰከንድ።
“ይኸው ነው” አለችው፣ “ያለብህ ዕዳ፤
አራት ሰከንድ ብቻ፣ ዓይንህ ከሰሌዳ።”

መዶሻው ተመታ። ወንበር ተንኳኳ።
ያኔ ክሬል፣ ጠበቃው እጅጌውን እንደያዘው፣
ለእሷ ሳይሆን ለጠረጴዛው በሚመስል ድምፅ፣
“ጭቃውን አይቼው ነበር” አለ።

ጣቶቼ ተነሡ።
ሆልምግሬን ዞር ብለው አዩኝ፦
“ተዘግቷል። ይህ አይጻፍ።”
አልጻፍኩም።

የሁለት ቀን ደሞዝ ተቀጣ፤ አንድ ሥልጠና፤
አንድ ደብዳቤም ከማህደሩ ገባ፣ ታጠፈና።
ቃለ ጉባኤውን ፈረምኩ፦ “ትክክለኛ ግልባጭ”።
ስሜ ከሥሩ አለ፣ በጥቁር ቀለም፣ በግልጽ።

ስወጣ ኤምሪ ከመኪናዬ ኋላ ተንበርክኳል፣
የሹራቡን እጅጌ በምራቁ አርሶ
ሰሌዳዬን ይጠርጋል።
“ምን ሆነህ ነው?” አልኩት።
ቀና ሳይል፣ አንዷን ቁጥር እየፈተገ፣
“እንዳያስተኙሽ” አለኝ።