አባቴን ያሰጠምኩበት ሳምንት

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ግሪምዝቢ ወደብ ላይ ዝናቡ ያካፋል፣
ኮሌጁ ውስጥ ደግሞ፣ ክፍል አሥራ ሁለት፣ አምፖሉ ያንቀላፋል።
እኔ ከኋላ ነኝ፣ ከመስኮቱ ጥግ፣
የእጄ ሽታ ከሰው እንዲሸሸግ።
ቀን ቀን ሥራዬ መበለት ነው፤ አሣ መበለት፣
ከንጋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣
በበረዶ ውሃ፣ በጎማ ጓንት፣
ቆዳ መግፈፍ፣ እሾህ መንቀል፣ ነጩን ሥጋ መለየት።

መምህራችን ብራምሊ ናት፤ አጭር ሴት፣ ጉንፋን የማይለቃት፣
ቀይ እስክሪብቶ ከጆሮዋ የማይርቃት።
«ሥጋው ይጣል» ትላለች፣ «እሾሁ ይቅር፣
አንባቢን የሚወጋው እሱ ነው።» ሳቅ አመለጠኝ ከከንፈሬ ሥር።
እንዲህ የሚያደርግ ሠራተኛ እኛ ፋብሪካ ገብቶ
ቁርስ ሳይደርስ ይባረራል፣ ቢላውንም ጓንቱንም ትቶ።

አሥራ አንድ ነን። ክሊፍ አለ፣ ጡረተኛ ባቡር ነጂ፣
በየሳምንቱ አንድ ዘንዶ ወልዶ፣ በየሳምንቱ ፈጂ።
ኢንድሬ አለች፣ ከሊትዌኒያ የመጣች፤ አሥራ ዘጠኝ ነው ዓመቷ፣
ቃል አይወጣም ከአፏ፤ ጠቁሯል ወረቀቷ።

በሦስተኛው ሳምንት «ስለ ማጣት» ተባልን፤ «ሁለት ገጽ ይበቃል»።
እኔ ምን አጥቻለሁ? አንድ ጃንጥላ፣ አንድ ባል፤ ከሁለቱ ጃንጥላው ይቆጫል።
ስለዚህ ሳህን አጥቤ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ፣
አባቴን አሰጠምኩት፣ ጥሩ ማዕበል መርጬ።
መርከቡን ገለበጥኩ፣ ፋኖሱን አጠፋሁ፣
ቦቲውን ጨው ውሃ ሞላሁ፣
እናቴን፣ ቢላ ሳልይዝ፣ መስኮት ሥር አቁሜ በአንድ መስመር በለትኳት፣
መበለት አደረግኳት።

አነበብኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ማሞቂያው ብቻ ያጉረመርማል።
ክሊፍ መሀረብ አወጣ። ብራምሊ መነጽሯን ጠረገች፣
ኢንድሬ፣ ያቺ ዝምተኛ፣ ክንዴን ያዝ አደረገች፣
«እግዜር ያጥናሽ» አለችኝ፤ የመጀመሪያው ቃል ከአፏ፣
እንደ ሌባ ተቀበልኩት፤ ትኩስ ነበር መዳፏ።

ከዚያ ከውጭ ክላክስ ጮኸ፤ ሦስት ጊዜ፣ ረጅም።
አባቴ ነው። ዝናብ ሲሆን ሊወስደኝ ይመጣል፤ መጠበቅ አይወድም።
ወርዶ መጣ። ከበሩ ቆመ፤ ኮፍያው ይንጠባጠባል፣
«ሎርና» አለኝ፣ «ነይ እንጂ፣ ድንቹ እሳት ላይ ነው፣ ያራል።»
«ማን ናቸው?» አለ ክሊፍ። «አባቴ» አልኩ፣ ወለል ወለሉን እያየሁ፣
ሰው በመኖሩ አፈርኩ፤ ይህንን ለማን እናዘዛለሁ?

መኪና ውስጥ ወረቀቱን ቀማኝ። መብራት አብርቶ አነበበ፣
ወፍራም ጣቱ ከመስመር መስመር ተሳበ።
«ነፋሱ ተሳስቷል» አለ። «ከሰሜን ምሥራቅ ሲነሣ
መርከብ በግራ አይገለበጥም፤ ይህን ያውቃል እንኳን ሰው አሣ።
እናትሽም መስኮት ሥር አልቆመችም፤ ቢንጎ ቤት ነበረች፣
የተመለስኩ ለታ ያሸነፈችውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ወደብ ወረደች።»
ሞተሩን አስነሣ። አጠፋው። እንደገና አስነሣ።
«ሞቱ ግን ጥሩ ነው» አለኝ። «ባሕሩን ሲዘጉብን እኔ የደረሰኝ የዳቦ መኪና ነው፣
ሃያ ሁለት ዓመት፣ በየሱቁ ደጅ። ያንን ማን ይጽፈው?»

ድንቹ አሮ ጠበቀን። ጥቁሩን ፍቀን በላን።

ሌሊቱን አዲስ ገጽ ጀመርኩ፤ ባሕር የሌለበት።
ሰውዬው ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት፣
የዳቦውን ሣጥን በመርከበኛ ቋጠሮ ያስራል፣
ማንም አላዘዘውም። መስኮት ከፍቶ ነፋሱን ያሸታል።
ማንም አይሰጥምም። መስጠሙ በሁለት ገጽ አልቆ ነበር፣
መኖሩ ግን ዘጠኝ ገጽ በልቶ፣ ገና ጠዋት ላይ ነው ያለው።
ብራምሊ ሃምሳ ስምንት ሰጠችኝ፤ በቀይ ቀለም ከኅዳጉ
«እዚህ ጋ እሾህ አለ» ብላ ጽፋ።

ኢንድሬ ሁለት ማክሰኞ ሙሉ ፊቷን አዞረችብኝ፣
በሦስተኛው አንድ ወረቀት አጥፋ አቀበለችኝ።
ርእሱ «አባቴ» ይላል። ገና አልከፈትኩትም።
መጀመሪያ እጄን ልታጠብ፤ በዚህ ሽታ አይነካም።