እጅ አሰጣጥ

ማክሰኞ ማለዳ፣ የዊኒፔግ ጥር፣
ትንፋሽ ከአፍ ሳይርቅ በረዶ ሆኖ ሲቀር፣
የአውቶቡሱን መስኮት በጥፍሬ ፋቅሁና፣
በዚያች ቀዳዳ ውስጥ ፊቴን አየሁና፣
ፈገግታ ተለማመድሁ።
አንዱ በዛ፣
አንዱ ጠፋ፣
በሦስተኛው ጥርስ ሐኪም ፊት የተቀመጥሁ መሰልሁ፤
ጎኔ ያለው ሰውዬ ወንበር ሲቀይር አየሁ።

ብሬንዳ፣ የሥራ ፈላጊ መካሪ፣
ሦስት ሐሙስ ሙሉ «ቀና በይ፣ አትፍሪ!
እጅሽን ስትሰጪ ጠበቅ አድርገሽ ስጪ፣
ስለ ራስሽ ሲጠይቁሽ ‹እኛ› ብለሽ አታምልጪ፣
ዓይን ዓይናቸውን እዪ» ስትለኝ ከረመች።
እኔ ባደግሁበት ቤት
ዓይኗን ያልሰበረች «ዓይናውጣ» ነበረች፤
ብሬንዳ ያንን ስድብ ሙያ ነው አለች።
እጅ መስጠትስ ቢሆን?
በእኛ ቋንቋ እጁን የሚሰጥ የተሸነፈው ነው፤
እዚህ ግን ሰው እጁን የሚዘረጋው ሊያሸንፍ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ፣ የከተማው ውኃ መሥሪያ ቤት።
ሦስት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ
(ክሎሪኑ ደህና ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት
ላቦራቶሪ የቆመ አፍንጫ አይሳሳትም)።
ግራንት የሚሉት ሰው ወረቀቱን አየ፣
ስሜ ላይ ሲደርስ ምላሱ ቆየ።
ሽታዬ።
በእነሱ አፍ መነሻው ስድብ ነው፤
ጆሮው ጫፍ ድረስ ቀልቶ «እንኳን ደህና መጣሽ» ብሎ ዘለለው።
ለካ የሚያሳብቅ ገላ
የኔ ብቻ አይደለም!

«ከሰው ጋር አብረሽ መሥራት ትችያለሽ?» አለች ወጣቷ።
«ህእ» አልሁ፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ፣
እንደ አክስቶቼ።
ብድግ አለች ከወንበሯ፣ «አመመሽ? ሰው ልጥራ?»
አዎ ማለቴ ነበር።
የእኛ አዎ በትንፋሽ እንደሚገባ
ማን ይንገራት?

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አላስታውስም።
ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር የራሱን ወሬ ያወራል፣
ቀኝ እጄ ግራዬን እንደ ሌባ ጨብጦ ይዞታል፣
ብሬንዳ ያስጠናችኝ «ጠንካራ ጎኔ» ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሯል።
«የሠራሽውን ስሕተት ንገሪን» አለ ግራንት።

ስሕተትስ አለኝ።
ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ የተበላሸ መለኪያ፣
አምኜው ፈርሜ፣ ፈርሜ ተጠራጥሬ፣
አለቃዬን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ «ዝጉት!» ያልሁበት ሌሊት።
ይህን ስናገር እጆቼ ተፈቱ፤
ቧንቧውን አየር ላይ ዘረጉ፣ መዝጊያውን አዞሩ፣
ዓይኔም ማንንም ትቶ ወረደ ጠረጴዛው ላይ፣
ቧንቧው እዚያ ነበራ፣ የት ልይ?

ቀና ስል፣ ሦስተኛዋ ሴት፣ ሎሬይን፣
ሽበቷን የጎነጎነች፣ እስካሁን ዝም ያለች
(የክሪ ሰው መሆኗን በኋላ ነው የሰማሁት)፣
እሷም ጠረጴዛውን እያየች ነበር።
ለካ ከመነሻው እንዲያ ነው የሰማችኝ፣
ዓይኗን ከፊቴ ላይ አንስታ፣ ለቃሌ ቦታ ለቃ።
አንድ ጠረጴዛ እያየን
ተያየን።

ስወጣ ረሳሁት የብሬንዳን ትምህርት፤
ቀኜን ስዘረጋ ግራዬ ክርኔን ደገፈ፣ ወገቤም ጎንበስ አለ።
ግራንት ሳያውቀው ግራ እጁን ወደ ክርኑ አነሣና
ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶበት፣ አየር ላይ ተንጠለጠለ።

ፖርቴጅ ጎዳና ላይ ነፋሱ ፊት አይሰጥም፣
ጠበቃ፣ ተላላኪ፣ ባለሱቅ አይመርጥም፤
ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን መሬት ጥሎ፣
ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቅሎ
ያልፋል።
ነጥብ የሚሰጥ የለም።

ስልኬ እስካሁን አልጮኸም።
ሐሙስ ብሬንዳ «ዓይን ዓይናቸውን አየሽ?» ስትለኝ
ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብሁ።
አልደነገጠችም፤ ለምዳዋለች።
ብዕሯን አነሣችና
«አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።