ሲላላ፣ ሲጠብቅ

ጧ!
እሳት ላይ እንዳረፈች የጨው ቅንጣት፣
ከማዳመጫዬ በግራ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ሳስካቱን ጥር ነው፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት።
ምድር ቤት ተቀምጬ በስልክ አስተረጉማለሁ፣
ፊቱን ለማላየው ሕመምተኛ፣ ፊቷን ለማላያት ነርስ
አፍ ሆኜ አድራለሁ።

ነርሷ ሁለት ጥያቄ ባንድ ትንፋሽ ቋጥራ ላከች፦
«ክኒኑን አቁሙ ያለ ማነው? አጠገብዎስ ሰው አለ?»
አሻገርኩት።
እማማ የውብዳር ጉሮሯቸውን ጠረጉና
«ልጄ አ…»
ጧ!
«…ለ።»

ላልቶ ከሆነ፣ አቁሙ ያለው ልጃቸው ነው፤
ጠብቆ ከሆነ፣ ልጃቸው አጠገባቸው ነው።
አንዲት ፊደል ወገቧ ላይ ተነክሳ ደረሰችኝ፤
የቱን ልንገራት ለነርሷ? የቱን ልዋሽ? ጨነቀኝ።
«ይድገሙልኝ፣ እማማ።»
«ስንቴ ልበል? ደንቆሮ ነሽ እንዴ፣ አንቺ?»
ደገሙት። ጧም ደገመ።
በሦስተኛው መስመሩ ራሱ ተቋረጠ።
ነርሷ «መልሼ እደውላለሁ» አለች፤ ደውላም ይሆናል፣
በሌላ አስተርጓሚ፣ በሌላ ጆሮ።

ከዚያ በኋላ እኔና ኮምፒውተሬ ተያዝን።
አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ ይቺ የሁሉም ሰው ጠበል ናት።
ድራይቨሩን ነቀልኩ፣ መልሼ ተከልኩ፤
አርባ ስምንት ሺሁን ወደ አርባ አራት አወረድኩ፤
ቋቱን አሰፋሁለት፣ ድምፅ እንደ ሰነፍ ተላላኪ ዘገየ፣
ጧ ግን በሰዓቱ መጣ።
ዋይፋይ ዘጋሁ። ማዳመጫ ተዋስኩ።
የዩኤስቢውን ገመድ ከፊት ነቅዬ ከኋላ ሰካሁ።
የእህቴ ባል መሸሻ፣ ከዊኒፔግ፣ አፉ ምግብ እንደሞላ፣
«ካርዱ ነው» አለ።
(ላልቶ።)
ስልሳ ሁለት ዶላር ከፍዬ አዲስ ገዛሁ፣ ሰካሁ፣
ጧ!
ደረሰኙ ላይ ማኅተም የመታ መሰለኝ።
«እንግዲያው ሆዱን ክፈቺው» አለ። ከፈትኩት፤
የአራት ዓመት አቧራ፣ አንድ የጠፋ የጆሮ ጌጥ፣
ጥፋተኛ ግን የለም።

በአምስተኛው ሌሊት ከማሽኑ ፊቴን አዞርኩ፤
እስኪ ቤቱን ልስማው ብዬ ጭጭ አልኩ።
ከግድግዳው ወዲያ ማሞቂያው እንደ ሽማግሌ ተነሣ፣ አጓራ፤
የጠረጴዛ መብራቴ ዓይኗን ሰበር አደረገች፤
ጧ!
ሦስቱም ባንድ ቅጽበት።
ለካ እኔ የጠረጠርኩት ምስክሩን ኖሯል።

ኦሬስት፣ ያከራየኝ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣
ዕድሜውን በመብራት ምሰሶ ላይ የጨረሰ፣
በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረደ፤
ጠረጴዛዬን በዳሌው ገፋ፣ ቆጣሪውን አጠፋ፣
ሶኬቱን ከግድግዳው እንደ ጥርስ ነቀለ።
ባትሪውን እኔ ያዝኩለት።
አንድ ሽቦ። አንድ ብሎን። በእንግሊዝኛው፣ ቀስ ብሎ፣
«አየሽ? ላልቷል» አለኝ።
ሳቅ ፈነዳብኝ። «ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለ፤
ስንት ዓመት ከሰው አፍ ሰው ጆሮ ያሻገርኩ ሰውዬ
ያቺን አንዲት ቃል መተርጎም አቃተኝ።
ትከሻውን ነቀነቀ። ግማሽ ዙር አጠበቀው።
ግማሽ ዙር ብቻ።

በቃ። ጸጥታ።
ትናንት ሌሊት አንዴ ጧ ብሎ ዘለልኩ፤
የጣሪያው እንጨት ነው፣ ብርድ ጨብጦት።
ማዳመጫዬ ውስጥ ሰው ሲተነፍስ እንኳ ይሰማል፣
ከመናገሩ በፊት ያለችው የምራቅ ድምፅ ሳትቀር።

የጥሪ መዝገቤን ዛሬ ገልጬ አየሁት፤
ያኔ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ የጻፍኳት መስመር፦
«ልጃቸው አለ።»
ፊደል ብሎን የለው፤ የላላው ከጠበቀው አይለይ።
እማማ የውብዳርን ዳግም አላገኘኋቸውም።
እኔ ግን ባነበብኳት ቁጥር
አጠብቃታለሁ።