የስብራት መዝገብ

ሠላሳ አንድ ዓመት በለገሃር ግቢ
ሥራዬ ይህ ነበር፦ የጉዳት መዝጋቢ።
ፉርጎ ሲከፈት፣ ማኅተም ሲበጠስ፣
ከካርቶኑ ሥር ስባሪ ሲፈስ፣
የት ጣቢያ ላይ ነው? አይሻ? አዲጋላ?
ማነው የጣለው? ማን ይክፈል ኋላ?
ብዬ የምጠይቅ፣ ብዬ የምጽፍ
በቀይ ቀለም፣ በመዝገቡ ጫፍ።

ያ ባቡር ሲቆም ጡረታዬን ይዤ
ከዚራ ኒም ሥር ቀረሁ፣ ወንበሬን አግዤ።
ሰፈሩ ግን አልረሳኝም።
በስልክ የገዛው ሲሰበርበት፣
በፎቶ ያየው ሌላ ሲሆንበት
«ሙሴ ዘርጋው ይዩልን» ይላል፣
የተቀደደ ካርቶን ጉልበቴ ላይ ይጥላል።

የግንቦት ሙቀት ድንጋይ በሚያቀልጥበት፣
ውሻ ለጥላ ሲል በሚናከስበት
ሰዓት፣ ኒምኦ መጣች ከግንቡ ማዶ፣
ቬንትሌተር አቅፋ፣ ፊቷ በንዴት ነዶ።
ከኋላዋ መክብብ፣ ሻጩ፣ እየተቆጣ፣
ከእሱም ኋላ ጃፈር ባጃጁን አቁሞ መጣ።

ስልኳን አሳየችኝ። ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦
«አዲስ፣ ያልተነካ። ድምፅ የለውም። ክፍሉን በረዶ ያደርጋል።»
ነጭ ነው በፎቶው፤ ጉልበቴ ላይ ግን ግራጫ፣
አንድ ክንፉ ስንጥቅ፣ ሽቦው የዝገት መፈንጫ።

«አቦ ሙሴ፣ ከእኔ እጅ ሲወጣ ደህና ነው!
ባጃጁ ነው እንጂ፣ የደቻቱ ጉድጓድ ነው!»
«በእናቴ!» አለ ጃፈር፣ «እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት፣
ሁለት ተሳፋሪ ትቼ የኋላው ወንበር ላይ ያስተኛሁት።»
«ብሬን!» አለች ኒምኦ፣ «ቴሌብሩ ይመስክር!
ሦስት ሺህ ስምንት መቶ። የጥልፍ ብር። የዓይኔ ብር።»

ዝም አልኩ። መነጽሬን ጠረግሁ።
ክንፉን ወደ ፀሐይ አዘንብዬ በጥፍሬ ዳሰስሁ።
ሐዲዱ ነው ይህን ያስተማረኝ፦
አዲስ ስብራት ያበራል፣ እንደ ሕፃን ጥርስ፤
አሮጌው አቧራ ጠጥቶ ይለብሳል የሐዘን ልብስ።
ይኸኛው ጠቁሯል።
ከጃፈር በፊት፣ ከደቻቱ በፊት ጠቁሯል።

መክብብ መሬት መሬት አየ።
የኒም ቅጠል አንሥቶ ፈረፈረ፣ ቆየ።
«እኔም በስልክ ነው የገዛሁት፤
ካርቶኑን ሳልፈታ ነው የሸጥኩት።
ፎቶውም የሰው ነው።
ደህና ነው አሉኝ፣ ደህና ነው አልኩ።»

ደህና ነው አልኩ።
በሐምሌ ሰባ ሁለት፣ ከደወሌ በመጣ ጭነት፣
አንድ ሳጥን ነበር፣ የክሊኒክ መድኃኒት።
መሽቶ ነበር፤ ርቦኝ ነበር።
ውስጡ ሲንቃጨል እየሰማሁ
«ደህና» ብዬ ፈረምሁ።
ማን ከፈለው? ማን ሳይድን ቀረ?
በዚያ ገጽ ላይ ቀይ ቀለም የለም።
ይህን ለልጆቹ አልነገርኩም።

«ጃፈር ነጻ ነው» አልኩ። «መክብብ ብሩን ይመልሳል።»
«ብሩስ ይመለሳል» አለች ኒምኦ፣ «ሙቀቱ የት ይሄዳል?
እናቴ ሌሊቱን እየተነፈሰች አይደለም፣ እያማጠች ነው።
ግማሹን መልስ። ክንፉን ጠግን።
እዚያ የጻፍከውን ደግሞ አሁን፣ ዓይኔ እያየ አርም።»
ሠላሳ አንድ ዓመት ስፈርድ እንዲህ አልፈረድሁም።

ስልኳ ቲንግ አለ። መክብብ ሙጫና የመዳብ ሽቦ አመጣ፣
ምላሱን ነክሶ ሲጠግን ፀሐይዋ ከግንቡ ላይ ወጣች፣ ወረደች፣ ጠፋች።
የቀድሞውን ደምስሶ በአውራ ጣቱ ጻፈ፦
«ያገለገለ። የተጠገነ። ድምፅ አለው። ተሽጧል።»
«ከተሸጠ ምን ይረባል?» አለው ጃፈር።
«እንጃ» አለ። «እሷ አርም ብላኝ ነው።»

ሌሊት። እንደ ድሬ ሰው ሁሉ አልጋዬን ግቢ አውጥቼ
ጋደም ብያለሁ፣ ነጠላ ገልጬ፣ ሸሚዜን ፈትቼ።
ከግንቡ ማዶ ያ «ድምፅ የሌለው»፦
ቀጭ ቀጭ። ቀጭ ቀጭ።
የታሰረው ክንፍ በዞረ ቁጥር፣
የፉርጎ እግር የሐዲድ መጋጠሚያ ሲሻገር።
ጉድለት ብዬ የፈረድኩበት ድምፅ
ሁርሶን አሳለፈኝ፣ ኤረርን አሳለፈኝ፣
መብራት ሳይ፣ ሰው ሲያውለበልብ ሳይ፣ ዓይኔ ተከደነ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
ባቡሩ ቆመ።
ነቃሁ።