ሁለት ደብተር

ሰኞ የባህል ጂኦግራፊ፣ ማክሰኞ የመሬት ፊዚክስ፤
በመካከላቸው ብስክሌቴ፣ ብስክሌቴና የግሮኒንገን ነፋስ።
ከአንዱ ሕንጻ ወደ ሌላው የአሥራ አንድ ደቂቃ መንገድ፤
ድልድዩ ለጀልባ ከተነሣማ ሃያም ይሆናል በግድ።

ሩልፍሴማ፣ የሰኞዋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
«ቦታ ማለት አፈር አይደለም፤ ሰው ያወራበት ነው» ትላለች፤
ጠመኔዋን ሰብራ ግማሹን ለፊት ወንበር ታቀብላለች፤
«ሣዪ፣ ሂልዬ፣ ሰፈርሽን።» የምሥለው ሲጠፋኝ ታያለች።

ማክሰኞ ዶክተር ቦንቴኩ፣ ድምፁ እንደ ራዲዮ ዜና፣
«መሬት አያወራም» ይላል። «ይንቀጠቀጣል። መዝግቡና
ሌላውን ለገጣሚ ተዉት።»
ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ቤታችን ትዝ አለኝና
ዝም አልሁ።

ቤታችን ኤንገርዌርድ ነው፤
ባሕር እንዳይውጠው ድሮ ሰው በእጁ የቆለለው ጉብታ፤
አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ላሞች፣ ድንች የጫነ ትራክተር ማታ ማታ።
ከሥሩ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ወርዶ፣ ጋዝ ነበር፤ አገር ሞቀበት፤
የሰው ኩሽና ሲሞቅ ግን የኛ ግድግዳ ተሰነጠቀበት።
መሬት ገጣሚ አይደለም ያለ ማነው? ሲያሻው ሌሊት
ተነሥቶ ቤት ይመታል።
ደጋግሞ። የኛን ቤት።

ገምጋሚው ታብሌት ይዞ መጣ፤ ጫማውን አላወለቀም።
«ይሄ የእርጅና ነው» አለ፣ ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ከቶ፤
«የኔ ወይስ የቤቱ?» አለ አያቴ ፖፕኮ፣ ቀና ብሎ አይቶ።
ሰውየው ቅጹን ሞላ፤ ቅጹ ለቀልድ ቦታ የለውም፤
«ልክ ነህ» ብሎት ወጣ። ልኩን ግን አልነገረውም።

ኅዳር ላይ ሁለቱም መምህሮች ሳይነጋገሩ ሥራ ሰጡ፤
ለሰኞ የአንድ ቤት ታሪክ፣ ለማክሰኞ የአንድ ቦታ ንዝረት።
ሰነፍ ነኝና ለሁለቱም አንዱን ቤት መረጥኩት።

አያቴ ከቁምሳጥኑ አናት የቀን መቁጠሪያዎቹን አወረደ፤
የገበሬ ማኅበር የሚያድላቸው፤ የዘጠኝ ዓመት፣
በእርሳስ፣ በጠባብ ጽሕፈት፦
«ሳህኖች ዘፈኑ።» «ሰዓቱ ቆመ።» «ውሻው አልበላም አለ ራት።»
ከመሣሪያው መዝገብ ጋር ቀን በቀን አስተያየሁ፤
ሠላሳ አራቱ ገጠሙ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጮኽሁ።
ሠላሳ አምስተኛው፣ የመጋቢት አንድ ቀን፣
«ቤቱ በሙሉ ተናወጠ» ይላል።
መሣሪያው ላይ ምንም። መስመሩ በረዶ እንደያዘው ቦይ ተኝቷል።

ደወልኩለት። «ተሳስተህ ይሆን?»
ዝም አለ። ቧንቧው ሲንጠባጠብ ይሰማኛል።
«የትሪንትዬን አልጋ ያወጡበት ቀን ነው» አለ። «ደረጃው ጠባብ ነው፤
አራት ሰው ይዞታል።»
ከዚያ ስለ ድንች ዋጋ ጀመረ።

ለሰኞው ሥራ ወርቅ ነው፤ ለማክሰኞው ነውር ነው፤
ከመስመር የወጣ ነጥብ፣ ሕጉ «ሰርዢው» የሚለው ነው።
ሦስት ሌሊት ሰረዝኩት፤ ሦስቴ መለስኩት። በመጨረሻ
በሁለቱም ውስጥ ተውኩት፤ ባዶ ክብ። በግርጌው፦
«ምንጩ ያልታወቀ።» ውሸት። የፈሪ ሰው መሸሻ።

ሩልፍሴማ ሰባት ሰጠችኝ፤ «ቁጥር በዝቷል» አለች።
ቦንቴኩ ስድስት ተኩል፤ ስሌቴን በቀይ በላው፤
ባዶዋ ክብ ስትደርስ ግን ቀዩን ትቶታል፤
በእርሳስ፣ እንደ አያቴ ባለ ደቃቅ ጽሕፈት፣
«የማን ቀን ነበር?» ይላል።

ቢሮው ሄድኩ። ተዘግቷል።
ስመለስ ድልድዩ ተነሥቶ ነበር፤ ጀልባዋ ጠጠር ጭናለች፣ አትቸኩልም።
ሁለቱ ደብተሮች አንድ ከረጢት ውስጥ፤
ዝናቡም አልለያቸውም።